በሜዳ ስለሚከርም የእርሻ መኪና ልባስ አመራረጥ

ስንዴና ገብስ በሰፊው በሚዘራበት በአርሲና በባሌ ደጋ፥ ሕዝቡ ኮምባይነር እያለ የሚጠራው የማጨጃና የመውቂያ መኪና የሚሠራበት ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ሲሆን፥ የሚቆምበት ጊዜ ግን በወር የሚቆጠር ነው። ባለመኪናው ወይም የመንግሥት ንብረት የተረከበው ሹም፥ መኪናው በሥራ ላይ ሳለ ለዘይቱ፥ ለቺንጊያውና ለምላጩ እጅግ ይጠነቀቃል። መከሩ ካበቃ በኋላ ግን መኪናው ዐረፈ ብሎ ራሱም ያርፋል። ነገር ግን ብረት እንደ በሬ ቆሞ አያገግምም። የቆመ መኪና የሚያረጀው በውሃ፥ በፀሐይ፥ በነፋስና በአይጥ ነው፤ እነዚህም አራቱ በዓል አያከብሩም።

የመኪና አዳራሽ በሌለበት ወረዳ ሰኔ በገባ ጊዜ ዝናቡን የፈራ ሹም ወደ ገበያ ሰው ልኮ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ላስቲክ ያስገዛል። ላስቲኩንም ከጋቢናው ራስ ጀምሮ እስከ ጎማው እግር ድረስ አውርዶ፥ ዙሪያውን በገመድ ጠፍንጎ፥ ጫፉንም በድንጋይ ተጭኖ፥ መኪናው ክረምቱን በደኅና ያልፋል ብሎ ይሄዳል። በጥቅምት ወር ላስቲኩ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የጋቢናው ወንበር ሻጋታ ለብሷል፤ ካቴናው ቀይ ዝገት ይዟል፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ መገናኛ አረንጓዴ ሆኗል፤ በመውቂያው ሆድ ውስጥ የቀረው ገለባ ረጥቦ ይሸታል። ሹሙም ላስቲኩ ቀዳዳ ነበረበት ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። ሻጩ በዚህ ነገር በደል የለበትም፤ ላስቲኩ ቀዳዳ አልነበረበትምና። የጥፋቱም ሥር ይኸው ነው።

አየር በሞቀ ጊዜ ብዙ የውሃ እንፋሎት ይሸከማል፤ በቀዘቀዘ ጊዜ ግን የተሸከመውን ይጥላል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እስከ 23 ግራም የሚደርስ እንፋሎት ሲይዝ፥ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ተኩል በላይ ሊይዝ አይችልም። በክረምት ቀን ፀሐይ ከደመና መካከል ብልጭ ስትል በላስቲኩ ሥር የታፈነው አየር ይሞቃል፤ ከመኪናው በታች ያለው እርጥብ መሬትም እንፋሎቱን ወደ ላይ ይልካል። ሌሊት የደጋው ብርድ ሲወርድ ያ እንፋሎት መውጫ ስላጣ በላስቲኩ የውስጥ ፊትና በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ሲነጋ ተመልሶ ይነሣል፤ ሲመሽም ተመልሶ ይወርዳል። እንዲህ እያለ ያው አንድ ውሃ ክረምቱን በሙሉ በብረቱ ላይ ሲመላለስ ይሰነብታል። ብረት ለመዛግ የግድ የዝናብ ጠብታ አይጠብቅም፤ በዙሪያው ያለው አየር ርጥበት ከመቶ 60 እጅ ካለፈ ዝገቱ መፍጠን ይጀምራል። በጠፈነጉት ላስቲክ ውስጥ ያለው አየር በሐምሌና በነሐሴ ከዚህ ልክ በታች የሚወርድበት ሰዓት ጥቂት ነው።

የደጋው እረኛ ይህን ነገር ያለ መሐንዲስ ያውቀዋል። የሚለብሰው ገሳ ከሣር የተሠራ ስለሆነ ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ የእረኛው ላብና ትንፋሽ ግን በሣሩ መካከል ወደ ውጭ ይወጣል። የሣር ክዳን ቤትም ጢሱን በክዳኑ ውስጥ አሳልፎ ሲያስወጣ ዝናቡን አያስገባም። በሠለጠነው አገር ግን ይህን ለመረዳት ብዙ ልብስ ማበላሸት አስፈልጓል። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1823 ዓ.ም. በሁለት ጨርቅ መካከል የቀለጠ ጎማ አጣብቆ ውሃ የማያስገባ ልብስ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ልብሱ ዝናቡን በርግጥ ከለከለ፤ የለበሱት ሰዎች ግን በራሳቸው ላብ ረጠቡ። በመኪናችን ላይ የምናለብሰው ላስቲክ የሚሠራውም ይህንኑ ሥራ ነው።

ስለ ልባስ አመራረጥ ብዙ የተፈተነ ምክር የሚገኘው፥ ነገሩ ቢያስገርምም፥ ከሽርሽረኞች ዘንድ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በአውቶሞቢል ኋላ እየተጎተተ የሚሄድ፥ አልጋና ማድቤት ያለው ትንሽ ቤት አለ፤ ካምፐር ወይም ካራቫን ይሉታል። ባለቤቶቹ በበጋ ወራት ይጓዙበትና ብርዱና በረዶው ሲመጣ በግቢያቸው ያቆሙታል። ቁመቱም ስፋቱም በተራ የአውቶሞቢል ቤት ስለማይገባ በሜዳ ያድራል። እነርሱም በመጀመሪያ እንደኛ ላስቲክ እየጠቀለሉ ግድግዳው ሲሻግት፥ ቀለሙም ሲፋቅ አይተዋል። ስለዚህ ዛሬ ለካምፐር የሚሸጠው ደኅና ልባስ እንደ ልብስ በልክ የተሰፋ ሆኖ፥ ጣራው ላይ የሚያርፈው ክፍል ወፍራምና ውሃ የማያሳልፍ፥ ጎንና ጎኑ ግን ቀጭንና የሚተነፍስ ነው። ከላይ በኩል ዝናብ እንዳይገባበት በክዳን የተጋረደ የአየር መውጫ አለው። በሩ ባለበት ወገን በዚፕ የሚከፈት መግቢያ ስለተበጀለት ባለቤቱ ልባሱን ሳያወልቅ ገብቶ ውስጡን ለመመርመር ይችላል። ጫፎቹም በቤቱ ሆድ ሥር በሚያልፍ ጠፍር ይታሰራሉ።

የሽርሽር ቤት በአገራችን ገጠር ብርቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ለመንገድ ሥራና ለመስክ ጥናት ተጎታች ቤት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ከላይ የተባለውን እንዳለ ሊወስዱት ይችላሉ። ኮምባይነርና ትራክተር ለያዘም ሰው ምክሩ አንድ ነው፤ ከላይ ውሃ የሚከለክል፥ ከጎን አየር የሚያስተላልፍ፥ ከታች መሬት የማይነካ ልባስ ያስፈልገዋል።

በገበያ ከሚገኘው ጨርቅ መካከል ተራው ላስቲክ ዋጋው የቀለለ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚገዛው እርሱን ነው። አየር አያሳልፍም፤ ፀሐይ ካገኘውም አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሰነጣጠቃል። ሆኖም ዋጋ ቢስ አይደለም፤ የሚጠቅምበት ቦታ ተስቶ ነው እንጂ። ላስቲኩን በመኪናው ላይ ከማልበስ ይልቅ መኪናው ከመቆሙ በፊት መሬቱ ላይ ቢያነጥፉት፥ ከመሬት የሚነሣውን እንፋሎት ይከለክላል። ውሃ እንዳይቋጥር ብቻ መሬቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ማድረግና በላዩ ጠጠር መበተን ያሻል።

በጭነት መኪና ላይ የሚታየው፥ በሰው ሠራሽ ክር ተሸምኖ በሁለት ፊት ፕላስቲክ የተቀባው ሸራ፥ በካሬ ሜትር 600 ግራምና ከዚያም በላይ የሚመዝን ጠንካራ ነገር ነው። ነፋስ አይቀደውም፤ ዝናብ አያልፈውም፤ ነገር ግን እርሱም እንደ ላስቲኩ አይተነፍስም። ስለዚህ ይህን ሸራ የገዛ ሰው እንደ ልብስ ሳይሆን እንደ ጣራ ሊጠቀምበት ይገባል። ይኸውም በእንጨት ወይም በቧንቧ ተራዳ ላይ ከመኪናው ራስ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ መወጠርና ጎኑን ክፍት መተው ነው።

የጥጥ ሸራ ጥንታዊ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። በደረቀ ጊዜ በክሩ መካከል አየር ይመላለሳል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል። ጉድለቱ ክብደቱና መበስበሱ ነው፤ እርጥብ ሳለ ታጥፎ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል። አዲሱ ሸራ በመጀመሪያው ዝናብ ስለሚሸበሸብ በትክክለኛ ልክ ሳይሆን ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማሰፋት ያሻል። ከውስጥ በኩል ብረት የሚነካው ቦታም ውሃ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ለአብዛኛው ወረዳ ግን፥ ልብስ ሰፊ በአቅራቢያው ስለማይታጣ፥ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ይመስላል።

የገበያ ዘንቢል ከሚሠራበት ካልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን የሚሰፋውም ልባስ አለ። ቀላልና የሚተነፍስ ነው፤ ሁለት ሦስት ድርብ ሲሆን ዝናብም ይችላል። የፀሐይ መከላከያ መድኀኒት ካልገባበት ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፍራል፤ ይህንም ሳይጠይቁ መግዛት ገንዘብን በውሃ ላይ መበተን ነው። ከሁሉ የበለጠው አክሪሊክ የተባለው ጨርቅ ነው። ቀለሙ ክሩ ሳይፈተል በፊት ከውስጡ የተዋሐደ ስለሆነ ፀሐይ በቶሎ አያነጣውም፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ውሃ ይጥላል፤ አየርም ያሳልፋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንድ መኪና ብቻ ላለውና ያንንም አሳምሮ ሊጠብቅ ለሚወድ ሰው ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ሻጭ ሁሉ ጨርቁ ይተነፍሳል ማለቱ አይቀርም። ቃሉን ለመመርመር የሚበቃ ቀላል ፈተና አለ። በአንድ ብርጭቆ ትኩስ ውሃ ቀድቶ አፉን በጨርቁ መሸፈን፥ በላዩም ሌላ ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ መድፋት ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የላይኛው ብርጭቆ በእንፋሎት ከደበዘዘ ጨርቁ በርግጥ ይተነፍሳል፤ እንደ ጠራ ከቀረ ግን ላስቲክ ነው። ቀጥሎ ጨርቁን እንደ ሳሕን አጎድጉዶ አንድ ኩባያ ውሃ ማፍሰስና ሩብ ሰዓት መጠበቅ ይገባል፤ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ለጣራ አይሆንም። የዕቃ ግዥ ኮሚቴ ይህን ፈተና በጠረጴዛው ላይ ቢያደርግ ዋጋው ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው።

የፀሐዩ ነገር ለደጋው ሹም በተለይ ሊነገረው ይገባል። አልትራቫዮሌት የተባለው ጨርቅና ጎማ የሚያቃጥል ጨረር፥ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ የተቀመጠ ልባስ፥ በዚያው ሰማይ ሥር በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ ወደ 24 እጅ የበለጠ ጨረር ይቀበላል። አገራችንም ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች፥ በአውሮፓ አምስት ዓመት ይቆያል ተብሎ የተጻፈበት ልባስ በዚህ አምስት ዓመት ይቆያል ብሎ በጀት መያዝ ስሕተት ነው። አስቀድሞ የሚያልቀውም ጨርቁ ሳይሆን ክሩ ነው፤ ደኅና ሸራ በደካማ የጥጥ ክር ተሰፍቶ በስፌቱ ሲተረተር ይታያል። ሲያሰፉ ወፍራም የፖሊስተር ክር ማዘዝና ስፌቱን ሁለት ጊዜ ማስደረብ ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ከዝናቡና ከፀሐዩ ቀጥሎ፥ ምናልባትም ከሁለቱ ባልተናነሰ፥ ልባስን የሚያጠፋው ነፋስ ነው። የላላ ሸራ በነፋስ ሲርገበገብ በሥሩ የገባውን አቧራና አሸዋ እንደ ሞረድ አድርጎ በመኪናው ቀለምና በጋቢናው መስታወት ላይ ይፈትገዋል። አንድ ክረምት የተፈተገ መስታወት ከዚያ በኋላ ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ለሾፌሩ ጭጋግ ይሆንበታል። ስለዚህ ልባሱ በየክንዱ ቀለበት ተበጅቶለት በብዙ ቦታ መታሰር አለበት። ማሰሪያውም ደረቅ ገመድ ብቻ ከሚሆን፥ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ጫፉ ላይ ቢቀጠልበት፥ ነፋስ ሲመጣ ይሳባል እንጂ ቀለበቱን አይነቅልም። የማጨጃው ጣት፥ የመስታወት መያዣውና የጭስ ማውጫው ጫፍ ሸራውን ስለሚበሱ፥ ልባሱ ከመውረዱ በፊት በጆንያ ወይም በዚያው በአሮጌው ላስቲክ መጠቅለል አለባቸው።

ከላይ የሚቋጥረው ውሃም ቀላል አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር፥ ይኸውም አንድ ኪሎ ነው። ሸራው ጎድጉዶ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ዐሥር ሳንቲሜትር ውሃ ቢይዝ፥ አንድ ኩንታል በጋቢናው ጣራ ላይ ተጫነ ማለት ነው። ገበሬ ክምሩን ሲከምር ራሱን ሹል የሚያደርገው በከንቱ አይደለም። በመኪናውም ራስ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አንድ ረጅም እንጨት አጋድሞ ሸራውን እንደ ቤት ክዳን ግራና ቀኝ ማውረድ፥ ውሃው ሳይቆም እንዲፈስ ያደርገዋል፤ በእንጨቱና በመኪናው መካከልም አየር የሚመላለስበት ቦታ ይገኛል። የልባሱ ጫፍ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሥራው አላለቀም ይላል፤ እስከ መሬት ወርዶ በድንጋይ ካልተጫነም ልቡ አያርፍም። ያ ሁለት ስንዝር ግን የመኪናው አፍንጫ ነው።

ልኩን በዐይን ገምቶ ማዘዝ ብዙ ሸራ አባክኗል። የኮምባይነር የእህል ማውረጃ ቧንቧ ከታጠፈ በኋላ እንኳ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይወጣል። ርዝመቱ፥ ቁመቱና ስፋቱ ሁሉ ነገር ከታጠፈና የማጨጃው ጠረጴዛ ከተፈታ በኋላ በሜትር ተለክቶ መጻፍ አለበት። አንዱ ወረዳ የለካውን ሌላው እንዲያው ቢወስደው የመኪናው ዓይነት ሲለያይ ልኩም ይለያያል።

ልባሱ ምንም ቢያምር ቆሻሻ መኪና ላይ የወረደ እንደሆነ ሌባን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መሄድ ነው። በመውቂያው ውስጥ የቀረው ገለባና ፍሬ ርጥበት ይጠጣል፤ አይጥም ይጠራል። አይጥ ከገባ በኋላ እህሉን ብቻ በልቶ አይመለስም፤ ጎጆውን ለመሥራት የወንበሩን ስፖንጅ ይቦጭቃል፤ የሽቦውንም ልባስ ይቆረጥማል። የዛሬ ኮምባይነር ሥራው በብዙ ሽቦ የተያያዘ ስለሆነ፥ በአይጥ የተቆረጠ አንድ ቀጭን ሽቦ ስንዴው ደርሶ በሚረግፍበት በኅዳር ወር መኪናውን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። ባለሙያው ከከተማ እስኪመጣ የሚጠፋውን እህል የሚከፍለው ደግሞ ተራ የያዘው ገበሬ ነው። ስለዚህ መኪናው ከመሸፈኑ በፊት ክዳኑ ሁሉ ተከፍቶ ገለባው መጠረግ፥ ጭቃው መታጠብ፥ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፀሐይ መድረቅ አለበት። ካቴናውና ራቁቱን ያለው ብረት ዘይት ይቀባል፤ ኩሽኔታው አዲስ ግራሶ ይገባለታል። የናፍጣው ማጠራቀሚያ ባዶ ከሚሆን ሞልቶ ቢከርም ይሻላል፤ በባዶው ቦታ ያለው አየር ጤዛ እየጣለ ውሃ ከናፍጣው ጋር ይቀላቅላልና። ባትሪው ተፈትቶ በቤት ይቀመጣል፤ አልፎ አልፎም ኤሌክትሪክ ይሞላል። የጭስ ማውጫው አፍ ይከደናል፤ ነገር ግን ክዳኑ ሳይነሣ ሞተሩ እንዳይነሣ በመሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር ያሻል። ጎማው በሳንቃ ላይ ይቁም፤ ፀሐይ በሚመታው ወገንም በጆንያ ይጋረድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባል። ከማናቸውም ልባስ በዐራት ምሰሶ ላይ የቆመ፥ ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስ ይበልጣል። ሦስትና ዐራት መኪና የሰበሰበ ወረዳ ወይም ማኅበር በየጥቂት ዓመቱ ለየአንዳንዱ ልባስ የሚያወጣውን ደምሮ ከዳሱ ዋጋ ጋር ቢያስተያይ፥ ዳሱን መምረጡ አይቀርም። ልባስ የሚያስፈልገው ዳስ እስኪሠራ ድረስ፥ ወይም መኪናው ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ ሲያጭድ በሰው ሜዳ ለሚከርምበት ጊዜ ነው። ዳሱም ልባሱም ከታጡ ደግሞ መኪናውን በሙሉ በላስቲክ ከማፈን የሞተሩን ኮፈን፥ ወንበሩንና የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ብቻ ሸፍኖ የቀረውን ለዝናብና ለነፋስ መተው ይሻላል። በነፋስ የሚደርቅ ብረት ታፍኖ ከሚያልበው ብረት ያነሰ ይዝጋል።

ለዘበኛው «መኪናውን ጠብቅ» ብሎ መሄድ አይበቃም፤ ምን እንደሚያደርግ ሊጻፍለት ይገባል። ዝናብ ባልጣለበት ቀን፥ ቢቻል በሳምንት አንድ ጊዜ፥ እኩለ ቀን ሲሆን ነፋሱ በማይመጣበት ወገን ያለውን ጎን ፈትቶ ሁለት ሰዓት ያህል ክፍት ይተወዋል። እጁንም አስገብቶ ብረቱን ይዳስሳል፤ ረጥቦ ካገኘው ለኃላፊው ይናገራል። ከከባድ ነፋስ በኋላ ማሰሪያውን ይመለከታል። ይህን ያደረገበትን ቀን በአንድ ደብተር ላይ ቢያስጽፉት፥ በጥቅምት ወር መኪናው ሲገለጥ ክርክር አይኖርም።

ልባሱ ሲወልቅ በዚያው ቀን ታጥፎ ወደ መጋዘን መግባት የለበትም። በሁለቱም ፊት ተገላብጦ በፀሐይ እስኪደርቅ ድረስ በአጥር ላይ ይሰጣል፤ ጭቃው በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል፤ የተተረተረው ስፌት ያኔውኑ ይጠቀማል። ከዚያም ተጠቅልሎ አይጥ በማይደርስበት ቦታ፥ ከመሬት ከፍ ባለ መስቀያ ላይ ይሰቀላል። በላዩም የየትኛው መኪና ልባስ እንደ ሆነና የተገዛበት ዓመተ ምሕረት በቀለም ይጻፍበታል።